የባላንጊጋ ከተማና የሦስቱ ደወሎች ታሪክ

የአንድ ከተማ ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕልና በጦር አለቆች መዝገብ ውስጥ ብቻ ተጽፎ የሚቀር አይደለም። ሕዝቡ በየዕለቱ በሚያየውና በሚሰማው ነገር ውስጥም ይገኛል። ድልድዩ፣ የገበያው ዛፍ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ እያንዳንዳቸው የሚናገሩት አላቸው። እኔም በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ለአንባቢዎች ለማቅረብ የመረጥሁት በሩቅ ምሥራቅ፣ በፊሊፒን ደሴቶች፣ በባሕር ዳር የምትገኘውን የባላንጊጋን ከተማ ታሪክ ነው። ይህች ከተማ ትንሽ ናት። ነገር ግን ሦስት ደወሎቿ ከ1901 እስከ 2018 ድረስ፣ ይኸውም 117 ዓመት ያህል፣ በባዕድ አገር ወታደሮች እጅ ቆይተው ተመልሰዋል። «ደወሎቹ የማን ናቸው?» የሚለው ጥያቄ የሁለት አገር ሰዎችን ብዙ ዘመን አከራክሯል። መልሱን ለማግኘት የከተማይቱን ታሪክ ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባላንጊጋ የምትገኘው በሳማር ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ፣ በስሟ የሚጠራው ወንዝ ወደ ሌይቴ ባሕረ ሰላጤ በሚገባበት ቦታ ላይ ነው። ሳማር ከሉሶንና ከሚንዳናው ቀጥሎ ከፊሊፒን ደሴቶች በስፋት ሦስተኛው ነው። የደሴቱ መካከል ተራራማና ደን የበዛበት ስለ ሆነ ሕዝቡ በአብዛኛው የሚኖረው በባሕሩ ዳርና በወንዞች አፍ ነው። ቋንቋው ዋራይ ይባላል። ሥራውም ዓሣ ማጥመድ፣ ሩዝ መዝራትና ኮኮናት መትከል ነው። ከዚህም ሌላ አባካ የሚባል ተክል ያለማል። አባካ ከሙዝና ከእኛው አገር እንሰት ጋራ ከአንድ ወገን የሚቈጠር ሲሆን፣ ቃጫው እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ የመርከብ ገመድ ይሠራበታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ ቃጫ በዓለም ገበያ ተፈላጊ ስለ ነበረ የሳማርና የሌይቴ ወደቦች ከሩቅ አገር ንግድ ጋራ ተገናኙ። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲለው እለምናለሁ፤ ኋላ ለመጣው መከራ አንዱ ምክንያት ወደብ ነበረና።

አውሮፓውያን ፊሊፒንን መጀመሪያ ያዩት በዚሁ በሳማር በኩል ነው። በማጄላን የሚመሩት መርከቦች በማርች 16 ቀን 1521 የሳማርን ተራራዎች ከሩቅ አዩ። በማግሥቱም ከባላንጊጋ በስተ ምሥራቅ ካለችው ከጊዋን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሆሞንሆን ደሴት ላይ አረፉ። በ1543 ቪያሎቦስ የተባለው የእስፓኝ መርከበኛ በዚያው አካባቢ የነበሩትን ደሴቶች፣ በኋላ ዳግማዊ ፊሊጶስ ተብሎ በነገሠው አልጋ ወራሽ ስም ጠራቸው። የአገሪቱ ስም የመጣውም ከዚህ ነው። በ1565 ሌጋስፒ ሴቡ ላይ ሰፍሮ የእስፓኝ አገዛዝ ሥር ከሰደደ በኋላ ሚሲዮናውያን በየደሴቱ ተሰማሩ።

በዚያ ዘመን ሕዝቡ ተበታትኖ በየወንዙ ዳር ይኖር ነበር። ገዢዎቹ ግብር ለመሰብሰብ፣ ካህናቱም ወንጌል ለማስተማር እንዲመቻቸው ሕዝቡን ወደ አንድ ቦታ ሰበሰቡት። ይህንንም ሥራ «ከደወሎች በታች ማኖር» ይሉት ነበር። የደወሉ ድምፅ እስከሚሰማበት ድረስ ያለው ቦታ ከተማ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጫካ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ደወሉ ከተማ ከተቈረቈረ በኋላ ለጌጥ የተጨመረ ዕቃ አልነበረም። የከተማው ወሰን የሚታወቀው በእርሱ ነበር።

ደወሉ ሌላም ሥራ ነበረው። በተለይ በ18ኛው መቶ ዓመት ከደቡብ ደሴቶች በፈጣን ጀልባ የሚመጡ ወራሪዎች የባሕር ዳር መንደሮችን እየወረሩ ሰው ማርከው ለባርነት ይሸጡ ነበር። ስለዚህ የባሕር ዳር ሰዎች የድንጋይ ማማ ሠርተው ሌትና ቀን ባሕሩን ይጠብቁ ነበር። ሸራ ሲታይ ደወል ይደወላል፤ ሴቱም ወንዱም ሕፃኑም ወደ ምሽጉ ወይም ወደ ጫካው ይሸሻል። በሰላም ቀን ወደ ጸሎት የሚጠራው ድምፅ በክፉ ቀን «ተነሡ» የሚል ድምፅ ሆነ። ልጅ ሲጠመቅ፣ ሙሽራ ሲገባ፣ ሰው ሲሞትም የሚናገረው እርሱ ነው።

ባላንጊጋ ራሷን የቻለች ደብር የሆነችው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ በሰማዕቱ በቅዱስ ሎሬንዞ ስም የተሠራች ስትሆን፣ ካህናቱ ፍራንሲስካውያን ነበሩ። ይህ ጽሑፍ የሚተርክላቸው ሦስቱ ደወሎች የተሠሩት ከዚያው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ነው። የፍራንሲስካውያን ማኅበር ምልክትም ተቀርጾባቸዋል።

አሁን ወደ ጦርነቱ ዘመን እንመጣለን። በ1898 አሜሪካና እስፓኝ ተዋጉ። በሜይ 1 ቀን የአሜሪካ መርከቦች የእስፓኝን መርከቦች በማኒላ ወደብ ላይ አሰጠሙ። አስቀድመው በእስፓኞሎች ላይ ተነሥተው የነበሩት ፊሊፒኖችም በአጊናልዶ መሪነት በጁን 12 ቀን ነጻነታቸውን ዐወጁ። ነገር ግን በዲሴምበር ወር በፓሪስ በተፈረመው ውል እስፓኝ አገሪቱን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አስረከበች። በውሉ ጠረጴዛ ዙሪያ አንድም ፊሊፒናዊ አልተቀመጠም። በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1899 በአሜሪካኖችና በፊሊፒኖች መካከል ጦርነት ተጀመረ። አጊናልዶ በማርች 1901 ተማረከ፤ ሆኖም ጦርነቱ አላለቀም። በሳማር ጄኔራል ቪሴንቴ ሉክባን ጫካ ገብቶ መዋጋቱን ቀጠለ።

የሉክባን ጦር ስንቅ የሚያገኘው በባሕር ዳር ከተሞች በኩል ነበር። ስለዚህ አሜሪካኖች ወደቦቹን ለመዝጋት ቈረጡ። በኦገስት 11 ቀን 1901 ከ9ኛው እግረኛ ሬጅመንት አንድ የሻምበል ጦር፣ 74 ሰዎች፣ ባላንጊጋ ደርሶ ሰፈረ። አለቃው ሻምበል ቶማስ ኮኔል ይባላል። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ በኩባና በቻይና የተዋጉ ነበሩ። የከተማው ሹም ፔድሮ አባያን አስቀድሞ ለሉክባን ጽፎ ነበር። የደብዳቤውም ፍሬ ነገር፣ የከተማው ሰው ለመጡት ወታደሮች ለጊዜው ወዳጅ መስሎ እንደሚያድር፣ ጊዜው ሲመች ግን እንደሚነሣባቸው የሚገልጽ ነበር። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወታደሮቹና የከተማው ሰዎች ያለ ጠብ ይኖሩ ነበር።

በሴፕቴምበር ወር ግን ነገሩ ተበላሸ። ሻምበል ኮኔል ከተማዋ እንድትጸዳ ፈለገ። ሰዎቹ በፈቃዳቸው አልመጣ ቢሉት ወንዶቹን በግድ ሰበሰበ። ከሰባ የሚበልጡ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው ለ16 ሰው በተሠሩ ሁለት ድንኳኖች ውስጥ ታጭቀው እያደሩ ቀን ቀን ይሠሩ ጀመር። ገጀራቸው ተወሰደ፤ ለክፉ ቀን ያኖሩት ሩዝም ተያዘ። ለገበሬ ገጀራ ማለት የእጁ መሣሪያ ነው፤ ሩዝም የልጆቹ ጕሮሮ ነው። አስቀድሞ በምስጢር የነበረው አሳብ አሁን የከተማው ሁሉ አሳብ ሆነ። የፖሊስ አለቃው ቫሌሪያኖ አባናዶርና የሉክባን መኰንን የሆነው ኤውሄኒዮ ዳዛ የአመፁን ዕቅድ አወጡ።

በሴፕቴምበር 28 ቀን ጧት፣ አሜሪካኖች ቍርስ ላይ ሳሉ፣ አባናዶር ወደ ዘቡ ወደ አዶልፍ ጋምሊን ቀረበና ጠመንጃውን ነጥቆ በሰደፉ መታው። ወዲያው የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። በቤተ ክርስቲያኑ የተሸሸጉት፣ በግድ ሥራ ላይ የነበሩትም ሰዎች ገጀራ ይዘው በአንድነት ወጡ። ሴቶችና ልጆች አስቀድመው ከከተማው ወጥተው ነበር። የአካባቢው ሰዎች እንደሚያወሱት በዚያ ጧት የነበረች ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ ስሟም ካሲያና ናስዮናሌስ ይባላል።

ውጊያው አጭርና እጅግ የከፋ ነበር። ሦስቱም የአሜሪካ መኰንኖች ሞቱ። ከ74ቱ ሰዎች 48 ያህሉ በዚያው ቦታ ወይም ቈይተው በቍስል አለቁ። ከተረፉትም ቍስል ያልነካቸው በጣም ጥቂቶች ነበሩ። በከተማው ሰዎች በኩል 28 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ የአገሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከሞት የተረፉት ወታደሮች በታንኳ ሆነው ወደ ባሰይ ሸሹ። በማግሥቱ ሻምበል ቡክሚለር ወታደሮች ይዞ በመርከብ መጣ፤ ከተማዋንም ባዶ ሆና አገኛት። ሙታኑን ቀበረና ከተማዋን አቃጠለ። ከዚያ በኋላ ሦስቱ ደወሎች በምርኮ ተወሰዱ።

ዜናው አሜሪካ ሲደርስ ሕዝቡ ደነገጠ፤ ተቈጣም። ከ1876 የሊትል ቢግሆርን ውጊያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብን አያውቅም ተባለ። በሳማር ላይ እንዲዘምት የተሾመው ጄኔራል ጄኮብ ስሚዝ፣ ለባሕር ኃይል ወታደሮቹ አለቃ ለሻለቃ ሊተልተን ዎለር፣ ምርኮኛ እንዳይዝና መሣሪያ መሸከም የሚችለውን ሁሉ እንዲገድል አዘዘው። ዎለርም የዕድሜውን ወሰን ቢጠይቀው «ዐሥር ዓመት» ብሎ መለሰለት። ከእናንተ መካከል ዐሥር ዓመት የሞላው ወንድም ወይም እኅት ያለው ሰው ይህን ቃል ያስብ። ዎለር ትእዛዙን ቃል በቃል አልፈጸመውም፤ ነገር ግን በዐሥራ አንድ ቀን ውስጥ ወታደሮቹ 255 ቤት እንዳቃጠሉ፣ 39 ሰው እንደ ገደሉና 13 የእርሻ ጎሾች እንደ ተኰሱ ራሱ ጽፎ አስታውቋል። በሌሎችም አለቆች ሥር የነበሩ ወታደሮች በየመንደሩ እየዞሩ ቤቱንና እህሉን አቃጠሉ።

በ1902 ዎለር 11 ፊሊፒናውያን ተሸካሚዎችን ያለ ፍርድ ስላስገደለ በማኒላ በጦር ፍርድ ቤት ቀረበ። እርሱ ነጻ ወጣ። የስሚዝ ትእዛዝ ግን በዚያ ችሎት ስለ ተገለጠ የአሜሪካ ጋዜጦች ነገሩን አራገቡት፤ በአገሩም ሕዝብ መካከል ብርቱ ክርክር ተነሣ። ስሚዝ ራሱ ተከሰሰ። ጥፋተኛ ቢባልም የተፈረደበት ተግሣጽ ብቻ ነበር። ከዚያም ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ጡረታ አወጣው። ይህን ያህል ሕዝብ ላለቀበት ነገር የተከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

የዚህ ታሪክ ዋና ነገር ለእኔ እንደሚመስለኝ እዚህ ላይ ነው። በባላንጊጋ የሞቱት አሜሪካውያን ቍጥራቸው ይታወቃል፤ ስማቸውም በመዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከዚያ በኋላ በሳማር የሞቱት ሰዎች ግን የቈጠራቸው የለም። ከታሪክ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ ሁለት ሺህ ያህል ናቸው ይላሉ፤ ሌሎች እስከ 50 ሺህ ያደርሷቸዋል። በሁለት ሺህና በ50 ሺህ መካከል ያለው ልዩነት የሂሳብ ልዩነት ብቻ አይደለም። የአንዱ ወገን ሰው ሲሞት ተጽፎ፣ የሌላው ወገን ሰው ሲሞት ሳይጻፍ እንደ ቀረ ያመለክታል። ሰው በሞተ ጊዜ የሚደወለው ደወልም ተወስዶ ስለ ነበረ፣ ባላንጊጋ ሙታኗን የምትቀብርበትን ድምፅ እንኳ አጥታ ነበር ማለት ይቻላል።

ደወሎቹ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው በ9ኛው ሬጅመንት እጅ ቀረ። ሬጅመንቱ ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዘዋወር እርሱም አብሮ እየዞረ በመጨረሻ ደቡብ ኮሪያ ደረሰ። ሁለቱ ደግሞ በአሜሪካ በዋዮሚንግ ግዛት፣ በሻየን ከተማ አጠገብ በሚገኘው ጦር ሰፈር ተተከሉ። በዚያ የሚኖሩ ወታደሮችና የቀድሞ ዘማቾች ደወሎቹን የሚያዩአቸው እንደ ሐውልት ነበር። ወገኖቻችን በተኙበት ታረዱ፣ ይህም መታሰቢያቸው ነው ይሉ ነበር። የባላንጊጋ ሰዎች ደግሞ፣ ደወሉ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ነው፣ የጦር መሣሪያ ስላልሆነ በምርኮ ሊወሰድ አይገባውም ይሉ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ስለ ሙታናቸው ይናገሩ ስለ ነበረ ክርክሩ በቀላሉ አልበረደም።

በመካከሉ ብዙ ነገር ተለወጠ። በኦክቶበር 1944 የአሜሪካ ሠራዊት ጃፓኖችን ለማስወጣት በዚያው በሌይቴ ባሕረ ሰላጤ ሲወርድ ፊሊፒኖችና አሜሪካኖች ጎን ለጎን ተዋጉ። በጁላይ 4 ቀን 1946 ፊሊፒን ነጻ መንግሥት ሆነች። ሁለቱ አገሮች ወዳጆች ተባሉ፤ ደወሎቹ ግን አልተመለሱም። በ1990ዎቹ ፕሬዚዳንት ፊዴል ራሞስ ደወሎቹ እንዲመለሱ ጠየቀ። ሁለቱ አገሮች እንዲካፈሉአቸውና ለጎደለው ምትክ እንዲሠራ የሚል አሳብም ቀረበ፤ ነገር ግን አልተፈጸመም። የወታደሮች መታሰቢያ የሆነ ዕቃ ያለ ልዩ ሕግ ለውጭ አገር እንዳይሰጥ የአሜሪካ ኮንግሬስ ከልክሎ ነበርና።

ነገሩን ያለዘበው የጊዜ መርዘም ብቻ አይደለም፤ የታሪክ ምርመራም ጭምር ነው። የፊሊፒን፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሰዎች ተባብረው የሁለቱንም ወገን ወረቀት መረመሩ። ከእነርሱም ጋራ የዘቡ የአዶልፍ ጋምሊን ልጅ ትገኝ ነበር። አባቷ በዚያ ጧት መጀመሪያ የተመታው ሰው ነው፤ ሳይሞት ቀርቶ ኋላ ይህችን ልጅ ወለደ። እርሷም ደወሎቹ ወደ ባላንጊጋ እንዲመለሱ ከሚሠሩት ጋራ ቆመች። ከማንም ይልቅ ቂም መያዝ ትችል የነበረች ሰው ይህን ማድረጓ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

በጁላይ 2017 ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ ለሕዝቡ ባደረገው ንግግር ላይ አሜሪካ ደወሎቹን እንድትመልስ በግልጽ ጠየቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ሕግ ለዚህ ነገር መንገድ ከፈተ። በኖቬምበር 14 ቀን 2018 የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስትር ጄምስ ማቲስ በዋዮሚንግ በተደረገው ሥነ ሥርዓት ላይ መመለሳቸውን አስታወቀ። በዲሴምበር 11 ቀን ሦስቱም ደወሎች በአውሮፕላን ማኒላ ደረሱ፤ በዲሴምበር 15 ቀንም በባላንጊጋ ለደብራቸው ተሰጡ። በማግሥቱ፣ በዲሴምበር 16 ቀን፣ በፊሊፒን ከልደት በዓል በፊት ለዘጠኝ ቀን ጎሕ ሲቀድ የሚደረገው የቅዳሴ ጸሎት የሚጀምርበት ቀን ነበር። ከአንዱ ደወል በማኒላ ቤተ መዘክር እንዲቀመጥ አሳብ ያቀረቡ የሕግ መምሪያ አባላት ነበሩ። ካህናቱ ግን ደወል የተሠራው ለመደወል ነው ብለው ተቃወሙ።

የባላንጊጋ ቅርስ ደወሎቹ ብቻ አይደሉም። በከተማው አደባባይ የዚያን ጧት ነገር የሚያሳይ ሐውልት ቆሟል፤ የቀረጸውም ስመ ጥሩው ናፖሊዮን አቡዌቫ ነው። ከ1989 ጀምሮ ሴፕቴምበር 28 በምሥራቅ ሳማር አውራጃ በሕግ የሚከበር ቀን ሆኗል። የከተማው ሰዎችም የአያቶቻቸውን ውጊያ በትርኢት ያሳያሉ። በኖቬምበር 8 ቀን 2013 ሃይያን የተባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ መጀመሪያ ጊዋንን መትቶ ባላንጊጋንም ጭምር በጐዳ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን እንደ ገና ማደስ ነበረበት። ደወሎቹ የተመለሱት ይህን ሁሉ አልፎ ወደ ተነሣ ሕዝብ ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ደወሎቹ የማን ናቸው? እኔ ስመዝነው የባላንጊጋ ናቸው፤ ምክንያቱም ከተማዋ በእነርሱ ድምፅ ዙሪያ የኖረች ናት፤ ዕቃም ከተሠራበት ሥራ ሲለይ ትርጕሙ ይጐድላል። ነገር ግን ይህን በማለት የሻየንን ሰዎች ኀዘን ሐሰት ነበር አልልም። 48ቱም የእናት ልጆች ናቸው። ስሕተቱ የራስን ሙታን ማሰብ አይደለም፤ የሌላውን ሙታን ሳይቈጥሩ መቅረት ነው። ደወሎቹ ሲመለሱ የሳማር ሙታን አልተነሡም፤ ቍጥራቸውም አልታወቀም። ሆኖም ሕፃናት ሳይቀሩ እንዲገደሉ የታዘዘበት ያ ዘመን በሁለቱም አገሮች በግልጽ ተነገረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፣ ታሪክን ለፈተና ብለን ዓመተ ምሕረቱንና የጄኔራሎቹን ስም ብቻ ብናጠና የምናውቀው ግማሹን ነው። መጽሐፍ ስንገልጥ «በዚህ ገጽ ላይ የተቈጠረው ማን ነው? ሳይቈጠር የቀረውስ?» ብለን እንጠይቅ። የባላንጊጋ ሰዎች ይህን ጥያቄ በአባቶቻቸው፣ በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው ዘመን ሳይታክቱ ስለ ጠየቁ መልስ አግኝተዋል። ዛሬ ደወሎቹ በቅዱስ ሎሬንዞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆነው ሰውን ወደ ጸሎት ይጠራሉ።